ሁለተኛው ምት

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ኢስሃቅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ እንዴት ሰነበተ? ሰሊጡስ ዘንድሮ ያዘላችሁ? እኔ አላህ ይመስገን ነፍሴ አለች። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም።

ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ጠፋች ብለው ሳይቀየሙኝ አይቀሩም። ወሬዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ሳይደርስዎ አይቀርም፤ የእኛ አገር ሠራተኛ አጨዳ ጨርሶ ሲመለስ ከሎሪው ላይ መጀመሪያ የሚያወርደው ወሬ ነው። እንግዲህ ከእኔው ይስሙት። የወይዘሮ ብፅአት ልጅ ቱርካ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ። አሁን ያለሁት ገዳሪፍ እስር ቤት፣ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ነው።

እንደሚያውቁት ዘንድሮም ፋሽጋ ወርጄ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ እሠራ ነበር። ካምቦ የሚሉት የሠራተኛው ሰፈር ከአስፋልቱ ሩቅ ነው። ምግብ የምሠራባት የሣር ዳስ፣ ራኩባዬ፣ ደግሞ ከሰፈሩም ትንሽ ዘወር ትላለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቀትር ነው፣ ሰዉ ሁሉ ማሳ ላይ ሳለ ደረቅ ባሚያ እወቅጥ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ሱዳናዊት፣ ዳሊያ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ቱርካ ወባ ይዞኛል ብሎ ያን ቀን ማሳ አልወጣም። ማጭዱን እንደያዘ ገባና የበሩን ጆንያ ከኋላው ለቀቀው። የፈለገውን ነገር ልጽፈው እጄ አይታዘዝልኝም፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይገባዎታል። ማጭዱን አንገቴ ላይ አደረገ። በእጄ የነበረው የብረት ዘነዘናዬ ብቻ ነው።

አሁን ጠበቃ ይዣለሁ። አኑዋር ይባላል፤ እናቱ የእኛ አገር ሰው ስለሆነች አማርኛውን ከዓረቢኛ ጋር እያማታ ያናግረኛል። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ነገር ከቤት ቢላክልኝ አልጠላም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ አደራ አለኝ። ልጄ ኑዕማን ከእርስዎ ቤት አይራቅ። ሰውየው ምን ፈልጎ እንደገባም አይስማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቁጡ ነው፤ ይህን ከሰማ የቱርካን ወንድም ጋረደውን ፍለጋ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ለማሰብም እፈራለሁ።

ወረቀቱን የሎሪ ሹፌሩ ዩኑስ ያደርስልዎታል። እዚህ አይመቱኝም፣ አያስርቡኝም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ተነስቼ ጥግ እይዛለሁ።

ዱዓዎ አይለየኝ።
የእህትዎ ልጅ ራሒማ


መተማ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለራሒማ፤

የታሰረን የሚፈታ ጌታ ያንቺንም ቀን ያቅርበው፤ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ዳኛ ይሸሽግሽ። እኛ በእርሱ ችሮታ ደህና ነን። አክስትሽ ኡምሰልማ ሰላም ብላሻለች፤ ማልቀስ ስላበዛች የላከችውን ቃል በቅጡ አልያዝኩትም። ሰሊጡ ጥሩ ይዟል። አልተሰበሰበም እንጂ።

ለምን አልተሰበሰበም ትዪኝ ይሆናል። ማሳችን ከእነ ብፅአት ማሳ ጋር ድንበርተኛ መሆኑን ረስተሻል ማለት ነው። ወሬው እንዳልሽው ከደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰ። የዚያን ዕለት በሴትየዋ ደጅ ተኩስ ተሰማ። ለለቅሶ ነው ተባለ፣ እውነትም ለወንድ ለቅሶ ይተኮሳል። አንደኛዋ ጥይት ግን የእኛን በረት ጣሪያ በስታ ገባች። ማንም አልተጎዳም። ስለ ጥይቷ ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ኑዕማን እኔ ዘንድ ነው። ከጓሮ እንዳያልፍ ከልክዬዋለሁ፤ እንደ ልጃገረድ ቆልፈህብኝ እያለ ይነጫነጫል። አደራሽን ጠብቄያለሁ። ምን ሆነው ነው ሲለኝ ጠብ ነው ከማለት ሌላ የነገርኩት የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነውና አትቀየሚኝ። ከዚያ የመጡት ሠራተኞች ወድቆ ሳለ ደግማ መታችው እያሉ ያወራሉ። ስንት ጊዜ ነው የመታሽው? እዚህ ሰው ቂም የሚይዘው ለሞቱ ብቻ አይደለም፣ ለአሟሟቱም ነው። መልሱን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። ቄሱም ሼኩም እንሄዳለን ብለዋል። ዝም ካልን ዝምታችንን ንቀት ያደርጉብናል፤ በረቱ ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ማየት አልፈልግም። ለጠበቃው የምትሆን ትንሽ ነገር በዩኑስ እጅ ልኬልሻለሁ። ማነሷን አትይብኝ።

አላህ ይጠብቅሽ።
አጎትሽ ኢስሃቅ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የቤቱን ሰው ሁሉ አላህ በሰላም ያኑርልኝ፤ ለአክስቴ ለኡምሰልማ እንባዋን ለሌላ ቀን ታስቀምጠው ይበሉልኝ። የላኩት ደርሶኛል፣ እጅዎ አይንጠፍ።

ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ። ተንበረከከ እንጂ ማጭዱን አልለቀቀም። በሩ ከእሱ ኋላ ነው፣ ራኩባዋ ሌላ መውጫ የላትም። በአንድ እጁ እግሬን ያዘኝ፣ ማጭዱን በሌላው ሲያነሳ አየሁ። ያን ጊዜ ደገምኩት። ሦስተኛ የለም። ዳሊያ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች መጥታ ጆንያውን ስትገልጥ ሁለተኛውን ምት በዓይኗ አይታለች።

አኑዋር ትናንት መጥቶ ሕጉን አስረዳኝ። «ያ ራሒማ፣ በደንብ ስሚኝ» አለ። «ሕጉ መግደልን የሚፈቅደው በጥቂት ነገር ነው። ልሞት ነው፣ ክፉኛ ልቆስል ነው፣ በግድ ልደፈር ነው ወይም ልጠለፍ ነው ብለሽ ከፈራሽ። ያውም ፖሊስ ለመጥራት ጊዜ ካልነበረሽ። አደጋው ካለፈ ግን ፈቃዱም አብሮ ያልፋል። ስለ መጀመሪያው ምት ማንም አይጠይቅሽም። ኒያባው፣ ዐቃቤ ሕጉ ማለቴ ነው፣ የሚይዝሽ በሁለተኛው ነው። ማጭዱ በእጁ ነበር ወይስ ወድቋል? ኻላስ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው።»

ፈርቼ ነበር ማለት አይበቃም ወይ አልኩት። «አይበቃም። ሌላም ሰው በአንቺ ቦታ ቢሆን የሚፈራ መሆን አለበት። ዳኛውን ራኩባሽ ውስጥ አስገብተን ማስፈራት አለብን» አለኝ። እንግዲህ ዳኛው ባሚያ ወቅጦ የሚያውቅ ከሆነ አንድ ነገር ነው አልኩና ሳቅኩ። ሳቄ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ ደነገጥኩ። ሰውየው ሊያደርገኝ ያሰበውን በወንዶች ፊት መናገሩ ከሞት አያንስብኝም።

ሽማግሌዎቹን ግን እባክዎ አይላኩብኝ። አኑዋር አጥብቆ ነው ያስጠነቀቀኝ። ይቅርታ መጠየቅ እዚህ በድዬ ገደልኩ ማለት ይሆናል፣ ካሳ መክፈልም እንዲሁ። ሠራተኛው ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል፣ ነገሩ ኒያባው ጆሮ ሳይገባ አይቀርም። ችሎቱ የካቲት መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ዝም ይበሉልኝ። ዳሊያ ካምቦው ሲፈርስ ወደ ከሰላ ሄዳለች፤ አኑዋር እያፈላለጋት ነው። ካልተገኘች ቃሌ ብቻውን ነው የሚቆመው።

የገዳይ ፍርዱ እዚህ ስቅላት ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

የእርስዎው ራሒማ


መተማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራሒማ፤

ጭንቅሽን የሚያውቅ አላህ ያቅልልሽ፣ በሰው አገር ሰው ያድርግልሽ። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ኬላው ተዘግቶ ዩኑስ ገላባት ላይ ሎሪውን አቁሞ ከርሟል። 

ዘግይቷል። እርቁ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተፈጽሟል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ቄሱ፣ ሼኩና እኔ በአንገታችን ድንጋይ ተሸክመን በወይዘሮ ብፅአት ደጅ ቆምን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትወጣ አላስገቡንም። ስንገባ ሴትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ልጄ ምን አድርጎ ነው የሞተው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበላት? በዚያ ቤት ጠመንጃ ያልያዘ ወንድ አልነበረም። ልጅሽ በቀትር ሴት ሊደፍር ገብቶ ነው ብል ከዚያ ቤት በእግሬ አልወጣም፤ ነገሩም የሁለት ቤት ጠብ ሆኖ አይቀርም፣ መንደሩን ሁሉ ያነካካል። «በምግብ ሂሳብ ተጣሉ፣ በመካከላቸው ሸይጣን ገባ» አልኳት። «ለምግብ?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሰለሰ። ካሳውን ተቀበሉ፤ ከበረቱ ምን እንደቀረ አትጠይቂኝ። በዚህ ነገር ሌላ ቃል ያወጣ፣ የሟችን ስም ያጎደፈ፣ እርቁን አፍርሷል፣ ደሙም ይመለሳል ተባብለን ሁላችንም ማልን። ኑዕማንና ጋረደው በሰው ሁሉ ፊት ተቃቀፉ። በማግስቱ ሰሊጡን ሰበሰብን። ልጁ ከወር በላይ ታፍኖ ከርሞ ማሳ ሲወጣ ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር።

እንግዲህ በዚያም በዚህም ቃሉ አንድ ይሁን። በምግብ ሂሳብ ተጣላን ብለሽ ተናገሪ። ጋረደው ራሱ ለችሎቱ ይወርዳል፤ ቤተሰቡ ይቅር ማለቱን በአፉ ይናገርልሻል፣ የእናቱ አሻራ ያለበት ወረቀትም ይዟል። ይህን ያመቻቸሁት እኔ ነኝ፣ ይጠቅምሻል ብዬ። ጠበቃሽ ሕጉን ያውቃል። የማያውቀው ነገር ኑዕማን የሚያርሰው ከጋረደው ጋር ጎን ለጎን መሆኑን ነው።

ፈርቻለሁ ራሒማ። አንቺን የማድን መስሎኝ ልጅሽን መያዣ አድርጌው እንደሆነ ነው የምፈራው። ለማንኛውም ያልኩሽን አድርጊ።

አጎትሽ ኢስሃቅ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። ይህ እንደደረሰዎ ኑዕማንን ከዚያ ያውጡልኝ። ገንዳ ውሃም ቢሆን፣ ጎንደርም ቢሆን፣ የት እንደሆነ ለማንም አይንገሩ። ምክንያቱን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ እሱን መጀመሪያ ያስወጡና ከዚያ ያንብቡት።

ተፈትቻለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከችሎቱ በፊት ነበር። ለአኑዋር አነበብኩለት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህ ይቅርታ ከገመዱ ያድንሽ ይሆናል» አለኝ። «ግን በምግብ ሂሳብ ተጣልቶ መግደል ራስን መከላከል አይደለም። ብዙ ዓመት ትታሰሪያለሽ።» እሺ አልኩት። ወላሂ አጎቴ፣ እሺ ብዬ ነበር። ኑዕማን እንደ ልቡ ወጥቶ ከገባ እኔ እዚህ ባረጅ ምን ቸገረኝ። አኑዋር ግን ዳሊያን ከሰላ አግኝቷት ስሟን ለፍርድ ቤቱ አስገብቶ ኖሯል። ተጠራች።

ጋረደው ከኋላ ተቀምጧል፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ዳሊያ በዓረቢኛ ስትናገር አስተርጓሚው እያንዳንዱን ቃል ለእኔ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይደግመዋል። ሁለተኛውን ስትመታው ማጭዱ በእጁ ነበር አለች። እግሯን ይዞ ነበር አለች። ቀሚሷ እስከዚህ ተቀድዶ ነበር ብላ በገዛ ልብሷ ላይ አሳየች። ወደ ኋላ ለመዞር አንገቴ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ኒያባው ተነሳ። ይቺ ጓደኛዋ ናት፣ አትታመንም አለ። ጠቡ የምግብ ሂሳብ ጠብ መሆኑን የተከሳሿ ቤተሰቦች ራሳቸው አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ካሳ ከፍለዋል፣ እንኳን ሌላ ሰው የገዛ አጎቷ መስክሯል አለ። የእርስዎን ስም ሲጠራ ሰማሁ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ኑዕማንን በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁት ነው። አይደለም አልኩ። ከየት እንደወጣብኝ አላውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ በወንድ ፊት አልናገረውም ያልኩትን ሁሉ፣ የነካኝን ቦታ ሳይቀር፣ ተናገርኩት። እኔ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም አልኩ። በዚያች ሰዓት ስለ ልጄም ስለ እርስዎም አላሰብኩም። ተቆጥቼ ነበር።

ዳኛው ወጥቶ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ሁለተኛውም ምት አደጋው ሳያልፍ የተመታ ነው፣ ሴትየዋም የምትሸሽበት አልነበራትም፣ ሕጉ ይሸፍናታል ብሎ መዝገቡን ዘጋው። አኑዋር አቀፈኝ። ዘወር ስል የጋረደው ወንበር ባዶ ነበር። ይቅርታው ያለበትን ወረቀት መሬት ላይ ጥሎት ሄዷል።

ዩኑስ ጋረደውን ገላባት የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር አይቶታል። ዩኑስ ራሱ ጭነቱ እስኪሞላ መቆየት አለበት። ስልኩ እንደተቋረጠ ነው፤ እኔ እንዳልመጣ ደግሞ መታወቂያዬን ገና አልመለሱልኝም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከጋረደው በኋላ እንደሚደርስ እያወቅኩ ነው የምጽፍልዎ። ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

አላህ የዚያን ሰው እጅ ይያዝልኝ።
ራሒማ


መተማ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለራሒማ፤

ኑዕማን በሕይወት አለ። ሰላምታውን ከዚህ በኋላ ላድርገው ብዬ ነው። በሰላም ወጥተሽ ለመጻፍ ያበቃሽ አላህ ምስጋና ይግባው፤ ጤና ይስጥሽ፣ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጋረደው መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ረፋድ ላይ መጣ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ኑዕማን በረት ውስጥ ነበር፤ አክስትሽን በዓይኔ ጠቀስኳት፣ በጓሮ ዞራ ዘግታበት ተመለሰች። ዳቦና ሻይ አቀረብንለት። አልነካም። ከእርቅ በኋላ የዚያን ቤት እህል አለመቅመስ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኡምሰልማ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ተፈታች» አለ። አላህን ማመስገን እንኳ ፈራሁ። «የተባለውን ሁሉ ሰማሁ» አለ።

 እኔ በሩንና ጠመንጃውን እያፈራረቅኩ አያለሁ። «ጋሼ ኢስሃቅ፣ እናቴ ትሰማ ይሆን?» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ነው የገባኝ። ሰውየው ፈርቷል። ከእኔ ባላነሰ ፈርቷል።

«እናቴ ቱርካን በምግብ ጠብ የሞተ ልጅ ብላ አልቅሳለታለች» አለ። «እንደዚያው ይቅርላት። ያን ሥራ ሊሠራ ገብቶ ነው ቢሏት አትቆምም። እዚህ ያለው ቃል ባለበት ይቆይ። ራሒማም እናቴ በሕይወት እያለች ኬላውን አትሻገር፤ ፊቷን ያየ ሁሉ እንዴት ተፈታች ብሎ ይጠይቃል። ልጇም ከዚህ አይሂድ። እሱም የሚያውቀው እንደ እናቴ ይሁን፣ ወጣት ነው፣ አንድ ቀን ገበያ መሃል ይናገረዋል።»

ባይሆንስ አልኩት። አልተቆጣም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ባይሆንማ የተማማልንበትን አልረሳሁም» አለ።

ማልኩለት። ያን ጊዜ ዳቦውን ቆረሰ። ሻዩን ሲያነሳ ደፋው፣ አክስትሽ ሌላ ቀዳችለት።

ዳኛው የፈታሽን እኔ መልሼ አሰርኩሽ ማለት ነው። ቅር ቢልሽ አልፈርድብሽም፤ ይህ ሁሉ የመጣው ያን ቀን በደጃቸው ስቆም ነው። ከዚህ ወዲያ ገንዘብ አትላኪልን፣ ራስሽን ቻይበት። ኒው ሀልፋ የምትኖረው ዘመዳችን ሲሃም ታስጠጋሻለች፤ በዩኑስ በኩል ቃል ልኬላታለሁ። ፋሽጋ ተመልሰሽ አትውረጂ። እዚያ የእኛ ሰው ይበዛል።

በሰው አገር አላህ ወገን ይሁንሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።
አጎትሽ ኢስሃቅ

ወረቀቱን ካጠፍኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ኑዕማን ከማሳ ገብቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። መፈታትሽን ሰምቶ ደስ ቢለውም ሲያሰላስል ነው የዋለው። «አባባ፣ ዳኛ ነጻ ናት ካላት ሌላ ነገር ነበረ ማለት ነው። በእውነት ለምግብ ሂሳብ ነው የገደለችው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ያንተንም ሰላምታ ልጻፍላት ወይ ብዬ ስጠይቀው ተነስቶ ወጣ።